የአሜሪካ ኮሌጆች ታላላቅ ፉክክሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚኖር አበሻ በኖቬምበር ወር ከዚህ ወሬ አያመልጥም። ሥራ ቦታ ይነሳል። ቡና ላይ ይነሳል። ለቅሶ ቤት ሲነሳም ሰምቻለሁ። "ከኮሌጅ ፉክክሮች ሁሉ ትልቁ የቱ ነው?" የሚለው ክርክር አንዴ ከተጀመረ ሦስተኛው ስኒ ተጠጥቶም አያልቅም። አዲስ የመጡ ሰዎች ደግሞ መሐል ላይ ተቀምጠው ግራ ሲገባቸው አያለሁ። ስለዚህ በተደጋጋሚ የሚጠየቁትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። መልሶቹ ላይ የኔ አድልዎ አለበት፤ አልደብቅም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፉትቦል ስል ደግሞ የአሜሪካውን፣ በእጅ የሚያዘውን ማለቴ ነው።

የተማሪ ጨዋታ አይደል እንዴ? ምን ያስጮኻቸዋል?

እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስበው። የኮሌጅ ኳስ ሲባል የሚታየኝ አቧራማ ሜዳ ነው፤ ዳር ላይ ድንጋይ ይዘው የተቀመጡ ሠላሳ አርባ ተማሪዎች። ከዚያ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን ስታዲየም አየሁ። 107,601 ሰው ይይዛል። እዚህ ኮሎምበስ ያለው የኦሃዮ ስቴት ስታዲየምም ከ102 ሺህ በላይ ነው። የትኛውም የፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድን ይህን የሚያህል ሜዳ የለውም።

ምክንያቱ ሲገባኝ ጊዜ ወስዷል። አላባማን ውሰዱ። በፉትቦልም ሆነ በቅርጫት ኳስ በትልቁ ሊግ የሚጫወት ቡድን የለውም። እዚያ ቡድን ማለት ዩኒቨርሲቲው ነው። አባት የተማረበት ነው፣ አክስት የሠራችበት ነው፣ ደጁን ረግጦ የማያውቀውም ሰው "የኛ" የሚለው ነው። ደግሞ ፕሮፌሽናል ቡድን ይሸጣል፣ ባለቤቱ ሲከፋው ነቅሎ ሌላ ከተማ ይወስደዋል። ዩኒቨርሲቲ የት ይሄዳል? አያት የደገፈውን የልጅ ልጅ እዚያው ቦታ ላይ ያገኘዋል።

"ትልቁ" የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዱ በዕድሜ ይለካል። ሌላው በዋንጫ። ሌላው በቴሌቪዥን ተመልካች ብዛት። ሁሉም መለኪያውን የሚመርጠው ቡድኑን አይቶ ነው።

የኔ መለኪያ ሰኞ ነው። ቅዳሜ የተሸነፈ ሰው ሰኞ ጠዋት ከማን ጋር ይውላል? ያሸነፈው ሰው ሩቅ አገር ከሆነ ሽንፈቱ እሁድ ማታ ያልቃል። ያሸነፈው ሰው ጎረቤትህ፣ አለቃህ፣ አማችህ ከሆነ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ሙድ ይያዝብሃል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ቡናና ጊዮርጊስ በተጫወቱ ማግስት ታክሲ ውስጥ ያለውን ተረብ ያውቀዋል። ባላንጣነት ከጥላቻ ይልቅ ከጉርብትና ጋር ነው ዝምድናው።

እሺ፣ እንግዲያው አንደኛው የቱ ነው?

ኮሎምበስ ሆኜ ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ግን የኔ አንደኛ አላባማና ኦበርን ናቸው። ጨዋታው "አይረን ቦውል" ይባላል፣ የብረት ዋንጫ እንደማለት። ስሙ የመጣው ለብዙ ዓመታት ከተጫወቱባት ከበርሚንግሃም ነው። የብረት ፋብሪካ ከተማ ነበረች።

መጀመሪያ የተገናኙት በ1893 ነው፤ ኦበርን 32 ለ22 አሸነፈ። ከ1907ቱ ጨዋታ በኋላ ግን ተኳረፉ። ጠቡ ምን ላይ እንደነበር ስታውቁ ትስቃላችሁ። የተጫዋቾች የቀን አበልና የዳኛ ምርጫ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ግዛት ውስጥ ያሉ ሁለት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 1948 ድረስ ፉትቦል አልተጫወቱም። አርባ ዓመት ሙሉ ኩርፊያ! የግዛቱ ምክር ቤት ሳይቀር ገብቶበት ነው የታረቁት። ከጨዋታው በፊት የሁለቱ ተማሪዎች ተወካዮች በርሚንግሃም መናፈሻ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው መጥረቢያ ቀበሩ። የሰላም ምልክት መሆኑ ነው። ከዚያ ሜዳ ገቡና አላባማ 55 ለ0 ረታ። መጥረቢያውን ቢያወጡት ይሻል ነበር የሚል የኦበርን ደጋፊ አይጠፋም።

አሁን ወደ 2013 ልውሰዳችሁ። ኖቬምበር 30፣ ኦበርን ሜዳ። አላባማ በአገሪቱ አንደኛ ነው፣ ያለፉትን ሁለት ሻምፒዮናዎች ወስዷል። ውጤቱ 28 ለ28። ሰዓቱ አለቀ። ሰው ሁሉ ወደ ተጨማሪ ሰዓት እየተዘጋጀ ነው። የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴባን ግን "አንድ ሰኮንድ ይቀራል" ብለው ተከራከሩ። ዳኞቹ ቪዲዮ አይተው እውነትም አንድ ሰኮንድ መለሱ። በዚያች ሰኮንድ አላባማ ከ57 ያርድ ኳሱን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መሐል ሊያሳልፍ ሞከረ። ኳሱ አጠረ። ቋሚዎቹ ሥር ደግሞ ክሪስ ዴቪስ የሚባል የኦበርን ልጅ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ያዛት። ሮጠ። የግራውን መስመር ይዞ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጠው። አላባማዎች ሜዳ ላይ ያሰለፏቸው ኳስ ለመምታት የተዘጋጁ ግዙፍ ልጆች ናቸው፤ ማን ይያዘው? 34 ለ28። ሰኮንዷን ለምኖ ያስመለሰው አላባማ ራሱ ነው። ይህ ነው የሚያመው።

ሰኞው ደግሞ አለ። አላባማ ግዛት ውስጥ ባል የአንዱ ሚስት የሌላው ደጋፊ የሆኑባቸው ቤቶች ሞልተዋል። መኪናቸው ላይ ግማሹ አላባማ ግማሹ ኦበርን የሆነ፣ "የተከፈለ ቤት" የሚል ምልክት ይለጥፋሉ። እንግዳ ሲመጣ ማንን እንደሚደግፍ መጠየቅ ወግ ነው። "ማንንም" የሚል መልስ አይሰማም።

ዛፍ መርዘዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኦበርን ሲያሸንፍ ሕዝቡ ቱመርስ ኮርነር የሚባል መስቀለኛ መንገድ ላይ ይወጣና የሽንት ቤት ወረቀት እየጠቀለለ ትልልቅ የኦክ ዛፎች ላይ ይወረውራል። ዛፎቹ በረዶ የወረደባቸው ይመስላሉ። በ2010 ኦበርን 24 ለ0 ከመመራት ተነስቶ አላባማን 28 ለ27 አሸነፈ። ያ ያንገበገበው አንድ የአላባማ ደጋፊ ሄዶ ዛፎቹ ሥር የአረም መርዝ ደፋ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በጃንዋሪ 2011 ሬዲዮ ጣቢያ ደውሎ በአየር ላይ ተናዘዘ! ንስሐ እንዳይመስላችሁ፤ ጉራ ነው። በመጨረሻ ታሰረ፣ ወደ 800 ሺህ ዶላር ካሳ እንዲከፍልም ተፈረደበት። ዛፎቹ አልዳኑም፤ በ2013 ተቆረጡ። በኋላ አዲስ ተተከሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ደስ የሚለው ነገር፣ የአላባማ ደጋፊዎች ራሳቸው አፍረው ለዛፎቹ ገንዘብ ማዋጣታቸው ነው።

ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋንን እንዴት ሁለተኛ ታደርጋለህ?

ይህን ጥያቄ በንዴት ካልሆነ በቀር ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። መጀመሪያ ግን ሹራቤን ልንገራችሁ።

ኮሎምበስ በመጣሁ በሁለተኛው ወር ብርዱ ጠናብኝ። ልባሽ ከሚሸጥበት ሱቅ አንድ ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ በአራት ዶላር ገዛሁ። ደረቱ ላይ ትልቅ ቢጫ "ኤም" አለበት። ስሜ በ"ም" ስለሚጀምር ለኔ የተሠራ መሰለኝ። ለብሼው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ አየኝና "ከፍለህ ነው የገዛኸው?" አለኝ። ቀልዱ አልገባኝም። እንቁላልና ወተት ልገዛ ገባሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ፀጉራቸው የሸበተ እናት ናቸው። እንቁላሉን ቀስ ብለው አሳለፉ፣ ደረቴን አዩ፣ ፊቴን አዩ። "የኔ ልጅ፣ ማንም አልነገረህም?" አሉ። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ቀይ ፕላስተር አወጡ። "ትፈቅዳለህ?" ብለው ጠየቁኝ። ዝም ስል "ኤም"ዋ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ለጠፉባት። ስወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ የነበሩ ሰዎች አጨበጨቡልኝ።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሳልፍ ነገሩ ገባኝ። የጨዋታው ሳምንት ነበር። በዚያ ሳምንት ግቢው ውስጥ ያለ ምልክት ላይ የተጻፈ "ኤም" ሁሉ በቀይ ፕላስተር ኤክስ ይደረግበታል። የሕንፃ ስም አይልም፣ የመንገድ ስም አይልም። ሚሺጋንን በስሙ የማይጠሩም አሉ፤ "ያ ሰሜን ያለው ቡድን" ነው የሚሉት።

ታሪኩን በሁለት ሰዎች ማየት ይቀላል። ዉዲ ሄይስ የኦሃዮ ስቴት አሰልጣኝ ነበሩ። ቦ ሼምቤክለር በወጣትነታቸው በሄይስ ሥር ተጫውተዋል፣ በኋላም ረዳታቸው ሆነዋል። በ1968 የሄይስ ቡድን ሚሺጋንን 50 ለ14 ደቆሰው። እየመራ እያለ መጨረሻ ላይ ለሁለት ተጨማሪ ነጥብ ሞከረ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ "ለሦስት ስለማይፈቀድ ነው" ብለዋል እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። በሚቀጥለው ዓመት ሚሺጋን ሼምቤክለርን ቀጠረ። ደቀ መዝሙር መምህሩን ሊገጥም መጣ። ኦሃዮ ስቴት 22 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ፣ በአንደኛ ደረጃ ተቀምጦ ነበር የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት አን አርበር ከተማ የገባው። 24 ለ12 ተሸንፎ ወጣ። ከዚያ ጨዋታ ጀምሮ ያሉት አሥር ጨዋታዎች "የአሥር ዓመቱ ጦርነት" ተባሉ። ሼምቤክለር 5 አሸነፉ፣ ሄይስ 4፣ አንዱን አቻ ወጡ።

በ2006 ደግሞ ሁለቱም ሳይሸነፉ፣ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ተገናኙ። ሼምቤክለር በዋዜማው ዓርብ ዕለት አረፉ። ኦሃዮ ስቴት 42 ለ39 አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ለዚህ ከተማ መራራ ነበር። ከ2021 እስከ 2024 ሚሺጋን አራቱንም ወሰደ። የ2024ቱ እዚሁ ኮሎምበስ ነበር፤ ሚሺጋን ያሸንፋል ያለ ሰው አልነበረም። 13 ለ10 አሸነፈ። ልጆቹ ባንዲራቸውን ሜዳው መሐል ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሳ፣ ፖሊስ በርበሬ ረጨ። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች 100 ሺህ ዶላር ተቀጡ። ከዚያ ጉዱን ስሙ። ያው የተሸነፈው ኦሃዮ ስቴት በጃንዋሪ 2025 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ሠፈሬ ያለ አንድ ፀጉር አስተካካይ ግን "ዋንጫውስ መጣ፣ ሚሺጋንን መቼ አሸነፍን?" እያለ በፀደይ ወራት ጭምር ሲብከነከን ነበር።

ታዲያ ለምን ሁለተኛ? አን አርበር ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ሰኞ ጠዋት ኮሎምበስ ውስጥ የምታገኘው ሰው ሁሉ አብሮህ ያዘነ ነው። ለቅሶ የጋራ ሲሆን ይቀላል።

ከእውነተኛ ጦርነት የመጡ ፉክክሮች አሉ?

ሚሺጋንና ኦሃዮ በ1835 ቶሊዶ በምትባል ከተማ ይገባኛል ጦር እስከማሰለፍ ደርሰው ነበር። የሞተ ሰው የለም። አንድ የሸሪፍ ረዳት በቢላ ተወጋ፣ ዳነ። ኮንግረሱ ቶሊዶን ለኦሃዮ ሰጠ፤ ሚሺጋን በምትኩ ሰሜን ያለውን ሰፊ ልሳነ ምድር አገኘ። መዳብና ብረት የሞላበት ነው፣ ስለዚህ ማን እንዳተረፈ እናንተ ፍረዱ። ደጋፊዎች ይህን ታሪክ በየዓመቱ ያነሱታል። እኔ ግን ብዙ አይመስጠኝም፤ የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው ከስድሳ ዓመት በኋላ በ1897 ነው።

የካንሳስና የሚዙሪ ግን የምር ደም ያለበት ነው። በ1850ዎቹ ባርነት ይፈቀድ አይፈቀድ በሚል ድንበር ላይ ተገዳድለዋል። በኦገስት 1863 ከሚዙሪ በኩል የመጡ ሽምቅ ተዋጊዎች የካንሳሷን ሎረንስ ከተማ አቃጥለው 150 ያህል ወንዶችና ወጣት ልጆች ገደሉ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚያች ከተማ ውስጥ ነው። በ1891 ኳስ ሲጀምሩ የዚያን ቀን ያዩ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ጨዋታውን ለረጅም ጊዜ "የድንበር ጦርነት" ይሉት ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ "ጦርነት" የሚለውን ቃል ለኳስ ስጠቀም ትንሽ እጠነቀቃለሁ።

በቅርጫት ኳስስ?

እዚህ ብዙ ክርክር የለም። ዱክና ኖርዝ ካሮላይና ናቸው። በሁለቱ ግቢዎች መካከል 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሁለቱም ሰማያዊ ነው የሚለብሱት፤ ዱክ ጠቆር ያለውን፣ ካሮላይና የሰማዩን። አንዱ ውድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ብዙ ተማሪው ከሌላ ግዛት የሚመጣ። ሌላው የግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ማይክል ጆርዳን የተጫወተበት። የሀብታምና የአገሬው ልጅ ፉክክር ሽታ አለበት።

የዱክ አዳራሽ ካሜሮን ኢንዶር 9,314 ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ተማሪዎች ለካሮላይና ጨዋታ ለመግባት በክረምት ብርድ ድንኳን ተክለው ሳምንታት ያድራሉ። አሥራ ሁለት ሆነው በአንድ ድንኳን ይቧደናሉ፣ በተራ ይጠብቃሉ፤ ቆጣሪ መጥቶ በቂ ሰው ካላገኘ ሰልፋቸው ይወድቃል። መንደሩን በአሰልጣኛቸው ስም ሸሸቭስኪቪል ብለውታል። ዳቦ ሰልፍ ያየ ሰው ሥርዓቱ አይከብደውም።

ማይክ ሸሸቭስኪ ዱክን 42 ዓመት አሠልጥነዋል። የመጨረሻ ዓመታቸው መሆኑን አስቀድመው ተናገሩ። ማርች 5፣ 2022 የመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ነበር። የቀድሞ ተጫዋቾቻቸው በብዛት ተሰበሰቡ፤ ሽኝት ተዘጋጀ። ካሮላይና መጣና 94 ለ81 አሸንፎ ድግሱን አበላሸው። አላለቀም። ሁለቱ በአገር አቀፉ የማጠቃለያ ውድድር ተገናኝተው አያውቁም ነበር። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 2፣ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ፣ በግማሽ ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ። ካሮላይና 81 ለ77። የሰውየው የአሰልጣኝነት ሕይወት እዚያች ሜዳ ላይ አበቃ። ካሮላይና በፍጻሜው በካንሳስ ተሸነፈ፤ ግን ዋንጫ ያጣ ቡድን እንደዚያ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሲገባ አይቼ አላውቅም።

አርሚና ኔቪ ያን ያህል ጎበዝ ቡድኖች አይደሉም። ታዲያ ለምን ይታያሉ?

ትክክል ናችሁ፣ ለዋንጫ የሚጫወቱ ቡድኖች አይደሉም። ከ1890 ጀምሮ የሚገናኙ የምድር ጦርና የባሕር ኃይል አካዳሚዎች ናቸው። ሲመረቁ የሚጠብቃቸው ወታደር ቤት ነው፤ ሜዳ ላይ የሚጋጩት ልጆች ነገ በአንድ ባንዲራ ሥር ናቸው። ከጨዋታው በኋላ ሁለቱም ቡድኖች አብረው ይቆማሉ። መጀመሪያ የተሸናፊው ትምህርት ቤት መዝሙር ይዘመራል፣ ቀጥሎ የአሸናፊው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ መፈክራቸው "ሁለተኛ እንዘምር" ነው። ሁለተኛ መሆን የሚፈለግበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ ጨዋታው ሊሰረዝ ነበር። ባለቤታቸው ይካሄድ ስላሉ ወደ ዲሴምበር 7 ተዛውሮ ተካሄደ። በዚያ ጨዋታ አንድ ጎል እንደተቆጠረ ቴሌቪዥኑ ወዲያው ደግሞ አሳየው። ድጋሚ ምስል በቀጥታ ስርጭት መሐል ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። አርሚ ሁለተኛ ጎል ያገባ የሚመስለው ሰው እንዳይኖር ኮሜንታተሩ ማስጠንቀቅ ነበረበት።

በዕድሜ ትልቁስ?

በብዛት የተጫወቱት ፔንስልቬንያ ውስጥ ያሉት ሊሃይና ላፋየት ናቸው። ከ1884 ጀምሮ ከ160 ጊዜ በላይ ተገናኝተዋል። ከዚያ ሰፈር ውጭ ብዙ ሰው አያውቃቸውም።

ሃርቫርድና ዬል የጀመሩት በ1852 በጀልባ ቀዘፋ ነው፤ በአሜሪካ በኮሌጆች መካከል የተደረገ የመጀመሪያው ውድድር ይህ ነው። ፉትቦሉ በ1875 ተከተለ። ከእነሱ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። በ1968 ሁለቱም ሳይሸነፉ ተገናኙ። ዬል ይመራል። ሃርቫርድ በመጨረሻዎቹ 42 ሰኮንዶች 16 ነጥብ አግብቶ 29 ለ29 ተለያዩ። የሃርቫርድ ተማሪዎች ጋዜጣ ርዕስ ምን ነበር? "ሃርቫርድ ዬልን 29 ለ29 አሸነፈ።" ከዚህ የተሻለ የስፖርት ዜና ርዕስ አላነበብኩም።

የሴቶቹ ለምን አይነሳም?

መነሳት ነበረበት። ኮነቲከትና ቴነሲ ጎረቤት አይደሉም፣ አንድ ኮንፈረንስ ውስጥም (በየዓመቱ እርስ በርስ የሚጫወቱ ትምህርት ቤቶች ምድብ ማለት ነው) አልነበሩም። በኔ የሰኞ መለኪያ መውደቅ ነበረባቸው። ግን ከጃንዋሪ 1995 ጀምሮ የሴቶችን ቅርጫት ኳስ ሰው ቀጠሮ ይዞ የሚያየው ነገር ያደረጉት እነሱ ናቸው። አሰልጣኞቹ የቴነሲዋ ፓት ሰሚትና የኮነቲከቱ ጂኖ ኦሪየማ ነበሩ። እሳቸው ኮስታራ የገጠር ሴት፣ እሱ ምላሱ የማያርፍ ጣልያን። እስከ 2007 ድረስ 22 ጊዜ ተጫውተው ኮነቲከት 13ቱን ወሰደ። አራት ጊዜ ለዋንጫ ፍጻሜ ተገናኙ፤ አራቱንም ኮነቲከት። በ2007 ሰሚት "በቃኝ" ብለው ጨዋታውን አቋረጡት። ሁለቱ በአደባባይ ሲነካከሱ ኖረዋል። በ2011 ሰሚት የመርሳት ሕመም እንዳለባቸው ሲናገሩ ግን ለሕክምና ምርምሩ ገንዘብ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ኦሪየማ ነበር።

ለኛ ለአበሾች የሚቀርብ አለ?

ዋሽንግተን ካላችሁ ሃዋርድ አለላችሁ። ዩ ስትሪት ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በእግር የሚደረስ ነው። ዝምድናው ደግሞ የዛሬ አይደለም፤ ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው። የሃዋርድ ባላንጣ ቨርጂኒያ ያለው ሃምፕተን ነው። ሁለቱም የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ አንዱ በ1867፣ ሌላው በ1868 ተመሠረተ። በእንግሊዝኛ የስማቸው ምኅጻር አንድ ዓይነት ነው፣ "ኤች ዩ"። ክርክሩ እንግዲህ "እውነተኛው ኤች ዩ ማነው?" የሚል ነው። በሁለቱም የተማሩ ልጆች ያሉበት ሰርግ ላይ ተቀምጬ ይህን ሲጨቃጨቁ ኬኩ እስኪቆረስ አላቆሙም።

የጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ላይ ደግሞ ዋናው ነገር ማርሽ ባንዱ ነው። ሉዊዚያና ውስጥ ግራምብሊንግና ሳውዘርን ከታንክስጊቪንግ በኋላ ባለው ቅዳሜ ኒው ኦርሊንስ ላይ ይገናኛሉ። ዓርብ ማታ ባንዶቹ ለብቻቸው ይፋለማሉ። በዕረፍት ሰዓት ተነስቶ ምግብ ሊገዛ የሚሄድ ሰው የለም። ምግቡ የሚገዛው ጨዋታው ሲጀምር ነው።

አንዱን ብቻ በአካል ልይ ብል?

ዳላስ ሂዱ። ቴክሳስና ኦክላሆማ በኦክቶበር፣ በቴክሳስ ትልቁ ባዛር መሐል ባለው ኮተን ቦውል ስታዲየም ይጫወታሉ። መቀመጫው ከመሐል ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ብርቱካንማ፣ ግማሹ ደማቅ ቀይ። አንድ ነገር ሲከሰት ግማሹ ስታዲየም ሲፈነዳ ግማሹ ድርቅ ይላል። ውጭ ዘይት ውስጥ የሚጠበስ ቋሊማ በእንጨት ተሰክቶ ይሸጣል። ጨጓራ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ።

ገንዘቡ አላበላሸውም?

አበላሽቷል። ኮንፈረንሶች የቴሌቪዥን ብር እየተከተሉ ሲፈርሱና ሲሠሩ ስንት የቆየ ጨዋታ ቀረ። ቴክሳስና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ከ2011 በኋላ 13 ዓመት ሳይገናኙ ቆዩ፤ የተመለሱት በ2024 ነው። ካንሳስና ሚዙሪም ሚዙሪ በ2012 ኮንፈረንስ ሲቀይር ለዓመታት ተቋርጠው ነበር። አሁን ደግሞ ተጫዋቹ ይከፈለዋል፣ ከፈለገም በየዓመቱ ትምህርት ቤት ይቀይራል። ለልጆቹ ደስ ይለኛል፤ በነሱ ላብ ሌላው ሲከብር ኖሯል። ግን ዘንድሮ የሰደብከውን ልጅ ለከርሞ በአንተ ማሊያ ስታየው ምላስህን ምን ታደርገዋለህ?

የምንኖረው ኮሎምበስ ነው፤ ልጃችን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ምን እናድርግ?

እንኳን ደስ አላችሁ፤ በጣም ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ይህን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የምናገረው። የእህቴም ልጅ አምና እዚያው ገብታለች። ልትሄድ ሻንጣ ስታስር ያንን ሹራብ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አገኘችውና ለመነችኝ። ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አጥባዋለች፣ የፕላስተሩ ሙጫ ግን አሁንም ደረቱ ላይ ኤክስ ሠርቶ ይታያል። አን አርበር ላይ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት "አጎቴ ኮሎምበስ ነው" ትላቸዋለች።